ስለ «ዘ ሃኒሙን ኪለርስ» ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቅርቡ እዚሁ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ በአንድ ጓደኛችን ቤት ተሰባስበን «ዘ ሃኒሙን ኪለርስ» የተባለውን የቆየ የአሜሪካ ፊልም ተመለከትን። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲዘልቅ እኛ ግን አልተስማማንም። ገሚሶቻችን ሴትዮዋ ፍቅር ያሳወራት ተበዳይ ናት ስንል፣ የቀሩት ከሰውየውም የባሰችው እርሷ ናት ብለው ተከራከሩ። የጓደኛችን እናት በበኩላቸው «እንዲህ ያለውን መልከ ጥፉ ፍቅር ማን ያይልኛል ብሎ ሠራው?» አሉን። እናንተስ ለየትኛው ወገን ትፈርዳላችሁ? ፊልሙስ ለምን ብዙም ሳይታወቅ ቀረ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፊልሙን ላላዩ አንባቢዎች ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። ሬይ ፈርናንዴዝ ትዳር ፈላጊዎች በደብዳቤ በሚተዋወቁበት ማኅበር በኩል ብቸኛ ሴቶችን እያግባባ ገንዘባቸውን የሚወስድ አጭበርባሪ ነው። ከእናቷ ጋር የምትኖረውን ነርስ ማርታ ቤክንም ሊያታልል ቀርቧት ነበር፤ እርሷ ግን ሥራውን ካወቀች በኋላ እንኳ ልትለየው አልፈቀደችም፤ ይልቁንም እኅቱ መስላ ከአንዷ ሴት ቤት ወደ ሌላይቱ ቤት አብራው ትዞር ጀመር።

የመጀመሪያው ወገን ማስረጃ የሚያጣ አይመስለንም። ማርታ ሬይን ከሌላ ሴት ጋር ባየችው ጊዜ ራሷን ሐይቅ ውስጥ ልታሰጥም የሞከረችበትን ትዕይንት ያየ ሰው፣ ጭካኔዋን እያወቀም ቢሆን ሆዱ ይባባል። ሆኖም ፊልሙ ሬይን ብቻውን በነበረበት ጊዜ በሌብነቱ እንጂ በነፍሰ ገዳይነት አያሳየንም። ደም መፍሰስ የሚጀምረው ማርታ ከተጨመረች በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ማጭበርበሩ ሬይ ሴቶቹን እንዲያባብል ግድ ይላል፣ የማርታ ፍቅር ደግሞ እንዳይነካቸው ቃል ያስገባዋል፤ ማጭበርበሩና ፍቅሩ በአንድ ቤት ሊያድሩ ስለማይችሉ፣ ቃሉ በፈረሰ ቁጥር ቅናቱ የሚወጣው በሬይ ላይ ሳይሆን ምንም በማያውቁት ሴቶች ላይ ነው። ስለዚህ እኛ ለሁለተኛው ወገን እንፈርዳለን። ይህን ስንል ግን ሬይን ነጻ ማውጣታችን አይደለም፤ ማርታን ወደ ቤቷ ለመመለስ ዕድሉ ሳያጣ ያልመለሳት፣ ሴት ስትሞትለት ማየት ደስ ስለሚለው ጭምር ይመስለናል። በፍቅር የሚሞትን ሰው በአምባሰል ሲያደምጥ ለኖረ የወሎ ጆሮ፣ በፍቅር ሰበብ የሚገድልን ሰው ማየት እንግዳ ቢሆንበት አይደንቅም።

ወደ እናታችን ጥያቄ እንምጣ፤ ከቀረቡት አስተያየቶች ሁሉ ፊልሙን በደንብ ያገኘው የእርሳቸው ነው። ጸሐፊውና አዘጋጁ ሌናርድ ካስል የኦፔራ ሙዚቃ ደራሲ ሲሆን፣ ከዚህ ሌላ ያዘጋጀው ፊልም የለም። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው «ቦኒ ኤንድ ክላይድ» ወንበዴዎቹን መልከ መልካም አድርጎ ማቅረቡ አላስደሰተውም ነበርና፣ በራሱ ሥራ ሆን ብሎ በተቃራኒው ሄደ። ማርታን የተጫወተችው ሸርሊ ስቶለር ወፍራምና ቁጡ ናት፤ ሬይ ሆኖ የሚተውነው ቶኒ ሎ ቢያንኮም ውበቱ የሻጭ ውበት ነው። ክፍሎቹ ጠባብ፣ ብርሃኑ ከጠረጴዛ መብራት የሚወጣ የሚመስል ነው፤ ከበላዩ የኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ የጉስታቭ ማህለር ታላቅ ሙዚቃ ሲለቀቅበት፣ ሁለቱ ለፍቅራቸው የሰጡት ግምትና የሚሠሩት ሥራ ምን ያህል እንደተራራቁ ጆሮ ራሱ ይሰማዋል። ቆንጆ ተዋናዮች ቢሆኑ ኖሮ ሳናስበው እናዝንላቸው ነበር።

ለዚህ ዴልፊን የተባለችውን ሴት የሚገድሉበትን ትዕይንት እንደገና እንድትመለከቱት እንመክራለን። መድኃኒት አፍዝዟት ተጋድማለች፤ ካሜራው ዓይኖቿ ላይ ብቻ ተተክሎ ይቀራል። ሬይና ማርታ እንዴት እንደሚገድሏት ከበላይዋ ሲነጋገሩ ድምፃቸውን እንሰማለን፤ እርሷም ትሰማለች፤ መናገር ባትችልም ዓይኖቿ ወዲያና ወዲህ ይንከራተታሉ። ገዳዮቹ ስለ ፍቅራቸው የሚናገሩት ሁሉ በእነዚያ ዓይኖች ፊት ዋጋ ያጣል።

ፊልሙ ብዙም ሳይታወቅ የቀረበት ምክንያት ከዚሁ የራቀ አይደለም። ቀለም በነገሠበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ በጥቁርና ነጭ ወጣ፤ በጀቱ ትንሽ፣ ተዋናዮቹም ያን ጊዜ ያልታወቁ ነበሩ። ቀረጻውን የጀመረው ኋላ ዝነኛ የፊልም አዘጋጅ የሆነው ወጣቱ ማርቲን ስኮርሴዚ ሲሆን፣ አሠራሩ በጣም ቀርፋፋ ነው ተብሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተሰናበተ። እርሱ ቢጨርሰው ኖሮ ዛሬ በስሙ ብቻ ይፈለግ ነበር። እንዲያም ሆኖ ፈረንሳዊው የፊልም አዘጋጅ ፍራንሷ ትሩፎ ከሚወዳቸው የአሜሪካ ፊልሞች አንዱ አድርጎ ያነሣው ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ይኸው ፊልም በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ምን ያህሉ እውነት ነው? ከልጆች ጋርስ ሊታይ ይችላል?

መልስ፦ ሬይመንድ ፈርናንዴዝና ማርታ ቤክ በእውን የነበሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1949 በሚሺገን ግዛት ቢያዙም፣ በዚያ የሞት ቅጣት ስላልነበረ ለኒው ዮርክ ተላልፈው ጃኔት ፌይ የተባሉትን አሮጊት በመግደል ተከሰሱ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1951 በሲንግ ሲንግ እስር ቤት በኤሌክትሪክ ወንበር ተቀጡ። ትልቁ ለውጥ በአያያዛቸው ላይ ነው፦ በእውነቱ ለፖሊስ የጠቆሙት የተጠራጠሩ ጎረቤቶች ሲሆኑ፣ በፊልሙ ግን ሬይ እንደገና እንደዋሻት ያወቀችው ማርታ ራሷ ስልክ ደውላ ታስይዘዋለች፤ ከባሕርይዋ ጋር ስለሚሄድ ለውጡን አንነቅፈውም። ከልጆች ጋር ማየቱን ግን አንመክርም፤ ከሚሞቱት አንዷ፣ የእርሷ ግድያ በግልጽ ባይታይም፣ ትንሽ ልጅ ናት።