የሚጠቁሩ ሕፃናት፦ ከሐዋሳ የሕፃናት ልብ ሐኪም ጋር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ ከተወለደ አምስት ቀኑ ነው፤ ሲያለቅስ ከንፈሩ ይጠቁራል። ሲመረመር ግን «ልቡ ላይ ያልተለመደ ድምፅ የለም» ተብለን ወደ ቤት ተመለስን። እንረጋጋ?

መልስ፦ አይረጋጉ እህቴ፤ ዛሬውኑ ይዘውት ተመልሰው ይሂዱና የልብ አልትራሳውንድ እንዲታዘዝለት ይጠይቁ። ያልተለመደ ድምፅ አለመሰማቱ ልቡ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱ ታላላቅ የደም ቧንቧዎች ቦታ የተለዋወጡበት ሕፃን ብዙ ጊዜ ድምፅ አይሰማበትም፤ ከሰውነት የተመለሰው ደም ሳንባ ሳይደርስ ዳግመኛ ወደ ሰውነት ይሄዳል፣ ከሳንባ የመጣውም ወደዚያው ወደ ሳንባ ይመለሳል። ሕፃኑን በሕይወት የሚያቆየው በማኅፀን ሳለ ክፍት በነበሩት መተላለፊያዎች በኩል የሚቀላቀለው ጥቂት ደም ሲሆን፣ ከመተላለፊያዎቹ አንዱ በተወለደ በቀናት ውስጥ ይዘጋል። ፕሮስታግላንዲን የተባለው መድኃኒት በደም ሥር እየተሰጠ እርሱን ክፍት ያቆየዋል፤ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያለውን ቀዳዳ በፊኛ ማስፋትም ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጊዜ ሲገዛ ኖሯል። ቧንቧዎቹን ወደ ቦታቸው የሚመልሰው ቀዶ ሕክምና በብራዚላዊው አዲብ ጃቴኔ እጅ የተሳካው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሠራት የሚገባውም፣ ግፊቱ ዝቅተኛ ወደሆነው ሳንባ ብቻ የሚረጨው ግራ ልብ ጡንቻው እየሳሳ ስለሚሄድ ነው።

ጥያቄ፦ የልጄ ኦክስጅን በጣት መለኪያ 93 በመቶ ነው፤ የፊቷን ፎቶ ልላክልዎ?

መልስ፦ በፎቶ አልመረምርም። የትኛው ጣት? ከቀኝ እጅና ከአንድ እግር ይለካ፤ ልዩነቱ ከ3 በላይ ከሆነ ወይም አንዱ ከ90 በታች ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይያት።

አንድ የውይይቱ አባል፦ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቁጥሩ ዝቅ ቢል አያስደነግጥም።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ሰው አታዘናጋ። የእህቴ ልጅ እግሯ በርዶ 88 አሳየ፤ በጋቢ ጠቅልለን ስናሞቀው 97 ሆነ።

መልስ፦ የበረደ እግር መለኪያን ያሳስታል፤ ስለዚህ አሙቃችሁ ደግማችሁ ለኩ። የሐዋሳ ከፍታ ግን ከ90 በታች ለሆነ ቁጥር ምክንያት አይሆንም።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ ሲጫወት ደክሞት ቁጢጥ ይላል።

መልስ፦ ከመጥቆርም ጋር ከሆነ ፋሎት የሚባለውን የልብ ጉድለት እጠረጥራለሁ። ድንገት ቢጠቁርና ትንፋሹ ቢፋጠን ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ አጥፈው ይያዙትና ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ ልቡን ያመዋል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜው ስንት ነው? በቀኝ እጁስ፣ በእግሩስ ስንት አሳየ? እነዚህን ሳትጽፉ አትጠይቁኝ።