መልስ፦ ፕሬዚዳንቱ አዋጅ ላይ አልፈርምም ቢሉስ?

«ካልፈረሙ አዋጁ ይቀራል ወይ?» ላልከው፣ አይቀርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ሕግ ለፊርማ ይቀርብላቸዋል። በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል። «እንደገና እዩት» ብለው የሚመልሱበት ድንጋጌም የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ በ1980 የተጀመረውን የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ፕሬዚዳንትነት እያሰበ ነው። ያ የአገሪቱ ዋና ሥልጣን ነበር። በሽግግሩ ጊዜም መለስ ዜናዊ አገሪቱን የመሩት በፕሬዚዳንትነት ነው። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ግን አስፈጻሚው ሥልጣን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄደ፤ ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔር ብቻ ሆኑ። አምባሳደር የሚሾሙትና ከፍተኛ ወታደራዊ ማዕረግ የሚሰጡት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርቡላቸው ነው። በመስከረም መጨረሻ የሁለቱን ምክር ቤቶች (የተወካዮችና የፌዴሬሽን) የጋራ ስብሰባ ይከፍታሉ፤ ያ ንግግር የሚደመጠው የመንግሥትን የዓመት ዕቅድ ስለሚያሳይ ነው።

ለፕሬዚዳንትነት እጩ የሚያቀርበው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ምርጫው ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር በጋራ ሆኖ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። ዘመኑ 6 ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይቻልም። በዚህ ሕገ መንግሥት ሁለቱንም የጨረሱት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው፣ ከ1994 እስከ 2006።

«ፕሬዚዳንቱ እስረኞችን መፍታት ይችላሉ ወይ?» ላልከው፣ ፕሬዚዳንቱ የሚሰጡት ይቅርታ ነው፣ ማለትም የተፈረደበትን ሰው ቅጣት ማስቀረት ወይም ማቅለል፤ እሱም ሕጉ ባስቀመጠው ሥርዓት። ምሕረት፣ ማለትም ወንጀሉን ራሱን መሰረዝ፣ ግን በአዋጅ የሚሰጥ ስለሆነ ጥያቄው ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ነው የሚሄደው።