ከሞተር ክፍል የሚመጣ የቤንዚን ሽታ የድሮ መኪና «ጠባይ» አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ ቮልስ በቅርቡ እንደገዙ፣ ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ከኋላ በኩል የቤንዚን ሽታ እንደሚመጣ፣ ሻጩም «የድሮ መኪና ጠባይ ነው» ብሎ እንዳሳለፈው ገልጸው፣ የእሳት ማጥፊያ ይዞ መንዳት ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። ለብዙ ዓመታት የቆዩ መኪናዎችን ስጠግንና ስነዳ የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ መልሴ አይበቃም የሚል ነው፤ የሽታው ምንጭ ተገኝቶ እስኪስተካከል ድረስም ሞተሩን ባያስነሱት ይሻላል።

የሚቀጣጠለው የቤንዚኑ ተን ነው፤ እሱም ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ብርድ እንኳ እሳት ለመያዝ በሚበቃ መጠን ይወጣል። ሽታ ተሰማ ማለት ወዲያው ይቀጣጠላል ማለት ባይሆንም፣ አንድ ቦታ ላይ ቤንዚን እያመለጠ ለመሆኑ ግን ምልክት ነው። በሞተር ክፍል ውስጥ ደግሞ ብልጭታ አይጠፋም፤ ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተሩም፣ የዲናሞውና የሞተሪኖው (የማስነሻው) ካርቦኖችም በሥራ ላይ እያሉ ይፈነጥቃሉ። ቮልስ በዚህ ላይ የራሱ ችግር አለበት፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ አሽከርካሪው ጭሱን የሚያየው ዘግይቶ ነው፣ ታንከሩ ከፊት ከፍ ብሎ ስለተቀመጠም ቱቦው ከተላቀቀ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ቤንዚኑ መውረዱን አያቆምም። የሞተሩ ካሳ (የውጭ አካሉ) ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ያባብሰዋል።

በመጀመሪያ የምመለከተው የጎማ ቱቦዎቹን ነው። የጥንቱ ቱቦ ከላይ በክር የተሸፈነ ስለሆነ ጎማው ተሰነጣጥቆም ሽፋኑ ደህና ያስመስለዋል። ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ቱቦውን በሁለት ጣት ይዘው ጎንበስ ያድርጉት፤ በእጥፋቱ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች አፋቸውን ከከፈቱ፣ ወይም ጎማው እንደ እንጨት ደርቆ አልታጠፍ ካለ፣ ዕድሜው አልቋል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የድሮውን ጎማ ቶሎ ስለሚበላው፣ ሲተኩ በላዩ ላይ «ኤስኤኢ ጄ30 አር9» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቢመርጡ ይመረጣል። ያም ሆኖ አዲስ ተብሎ የተገዛ ቱቦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲሰነጠቅ አይቻለሁና፣ ጽሑፉን ብቻ አይመኑ፤ በየጊዜው ማጠፍና ማየት ያስፈልጋል።

ከቱቦው ይልቅ ብዙ ሰው የማያስበው ግን ቤንዚኑን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ ቤንዚን የሚገባበትን ትንሹን የነሐስ ቧንቧ ነው። ቧንቧው በጥርስ የታሰረ ሳይሆን ተገፍቶ የገባ ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ይላላል፤ እኔም ያለ ምንም መፍቻ በጣቴ ስስበው ወጥቶ እጄ ላይ የቀረ አጋጥሞኛል። በጉዞ ላይ ቢወጣ ፓምፑ ቤንዚኑን አጠገቡ ወዳለው ዲስትሪቢዩተር ይረጨዋል። መፍትሔው ቀዳዳውን ጥርስ አውጥቶ በጥርስ የሚታሰር መተካት ነው። የፕላስቲክ ፊልትሮ በፓምፑና በካርቡሬተሩ መካከል ማንጠልጠልም ልማድ ሆኗል፤ ክብደቱ ይህንኑ ቧንቧ ይጎትተዋል፣ ሙቀቱም ፕላስቲኩን ያደርቀዋል። ፊልትሮው ከሞተር ክፍሉ ውጭ፣ ከፓምፑ በፊት ባለው መስመር ላይ ይሁን።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ከዚህ ቢያንስም የሚናቅ አይደለም። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ ሽፋኑ ከጠፋ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ የባትሪውን ሁለት ራሶች ሊያገናኝና ሙሊቱን ሊያቃጥል ይችላል። ከባትሪው የሚወጣው ዋናው ሽቦም ፊውዝ የለውም፤ ስለዚህ የባትሪ መቁረጫ ማብሪያ ማስገባት ጥሩ ነው። የአየር ማጣሪያውን አውልቆ መንዳትንም ይተዉት፤ ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል ወደ ኋላ ሲተፋ ነበልባሉን የሚያግደው እሱ ነው።

የእሳት ማጥፊያን በተመለከተ፣ ቢያንስ ባለ 2 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ሾፌሩ እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ቦታ ይታሰር፤ ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠ እንደሌለ ይቆጠራል። ትናንሾቹ በሰከንዶች ውስጥ ተረጭተው ያልቃሉ። ጭስ ካዩ መኪናውን ከመንገድ አውጥተው ቁልፉን ያጥፉ፣ ተሳፋሪዎችን ያስወርዱና ያርቁ። የሞተሩን ክዳን ብድግ አድርገው አይክፈቱት፤ ድንገት የሚገባው አየር ነበልባሉን ፊትዎ ላይ ይለቀዋል። ጥቂት ብቻ ገርበብ አድርገው በክፍተቱ ይርጩ፤ ማጥፊያው አልቆ እሳቱ ካልጠፋ መኪናውን ትተው ይራቁ። ዱቄቱ አሉሚኒየምና የሽቦ መገጣጠሚያዎችን ስለሚበላ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሳይውል ሳያድር መጽዳት አለበት።

ለአሁኑ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ፣ መኪናውን ከተዘጋ ጋራዥ ገፍተው ያውጡ፣ ፍተሻውንም በእጅ ባትሪ መብራት ያድርጉ፤ ክብሪት የሚለኩሱ ሰዎች አሁንም አሉ። ሽታው ከኋላ ነው ስላሉ ከነሐሱ ቧንቧ ይጀምሩ፤ እሱ ደህና ከሆነ ወደ ፓምፑና ከሥር ወዳሉት ቱቦዎች ይሂዱ።