ላኮታዎች ዘንድ ጥናት ለመሥራት ላሰብሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ለማስተርስ ማሟያሽ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ወዳለው የላኮታዎች፣ ማለትም የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ይዞታ ወደ ፓይን ሪጅ ሪዘርቬሽን ሄደሽ ስለ ስኳር በሽታ መጠይቅ ልታስሞዪ አስበሻል። የዩኒቨርሲቲሽ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቅዶልሻል። አሁን «የጎሳውን ፈቃድ ቶሎ የማገኝበት መንገድ አለ ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ የምኖረው እዚያው ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ከተማ ነው። ከላኮታ ማኅበረሰቦች ጋር በሚሠሩ የጤና ጥናቶች ላይ በመረጃ ሰብሳቢነት፣ በኋላም በአስተባባሪነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አቋራጭ የለም። ቢኖርም አትሂጂበት እልሽ ነበር። የፓይን ሪጅ ነዋሪዎች የሆኑት ኦግላላ ላኮታዎች የራሳቸው መንግሥት፣ የራሳቸው ምክር ቤት፣ የራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸው። በ2007 ደግሞ የራሳቸውን የምርምር ገምጋሚ ቦርድ አቋቁመዋል። በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የፌዴራል የምርምር ደንብም የጎሳ ሕግ በቦታው እንደሚጸና በግልጽ አስፍሯል። ስለዚህ የያዝሽው የዩኒቨርሲቲ ፈቃድ አንዱ ፈቃድ ነው እንጂ ዋናው አይደለም።

ሁለቱ የሚያዩት ነገርም ይለያያል። ዩኒቨርሲቲው «መጠይቁን የሚሞላው ሰው ይጎዳል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የጎሳው ቦርድ ከዚያ አልፎ «ሕዝባችንስ?» ይላል። የአንድም ሰው ስም ሳይወጣ፣ ስለ መጠጥ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ መንደሩን በሙሉ ሊያሸማቅቅ ይችላል። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን ማየት ይፈልጋሉ። መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ጥናቱ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ይጠይቁሻል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ለምን እንዲህ ጠበቅ እንደሚያደርጉ ለመረዳት የሃቫሱፓይን ጉዳይ አንብቢ። ሃቫሱፓዮች ላኮታ አይደሉም፤ ግራንድ ካንየን ውስጥ ነው የሚኖሩት። ከ1990 ጀምሮ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለስኳር በሽታ ጥናት ብለው ደም ወሰዱ። ያው ደም ስኪዞፍሬኒያ ስለሚባለው የአእምሮ ሕመም፣ ስለ ዘመድ ጋብቻ፣ ሕዝቡ ከየት ፈለሰ ስለሚለውም ተመረመረበት። ባለቤቶቹ አያውቁም። ክስ ተመሥርቶ በ2010 በስምምነት አለቀ፤ ዩኒቨርሲቲው 700,000 ዶላር ከፈለ፣ የቀረውንም ደም መለሰ። ይህን በየሪዘርቬሽኑ የማያውቅ የለም። በ2018 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ፣ ሻየን ሪቨር ሪዘርቬሽን ላይ ኔቲቭ ባዮዳታ ኮንሶርቲየም የተባለው የናሙና ባንክ የተቋቋመውም ናሙናው ከባለቤቶቹ ምድር እንዳይወጣ ነው።

አንድ ስብሰባ ልንገርሽ። ጥናት ልናስተዋውቅ ሄደን ነው። ሰው ዲስትሪክቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። በላኮታ ጸሎት ተደረገ። ምግብ ቀረበ፤ መጀመሪያ ለሽማግሌዎችና ለአሮጊቶች። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ስላይዱን ሳይጨርስ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ያኔ ደሜን የወሰዱት ልጆች ምን አገኙ? የነገረኝ የለም» አሉ። የሚናገሩት በዝግታ ነው፤ ማንም አላቋረጣቸውም። ስለ እኛ ጥናት አንድም ነገር አልጠየቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሠራበት ፕሮጀክት ሁሉ ውጤቱን ለሰዉ የሚመልስበትን በጀት መጀመሪያ እንዲይዝ እወተውታለሁ።

ጥሩ ሲሠራ ምን እንደሚመስልም ላሳይሽ። ስትሮንግ ሃርት ስተዲ የተባለው ትልቁ የልብ ጥናት በ1988 ነው የተጀመረው፤ አሪዞና፣ ኦክላሆማ፣ ሰሜንና ደቡብ ዳኮታ ግዛቶች ያሉ ነባር ሕዝቦችን ያቀፈ ነው። ከተቀመጠው የሽንት ናሙና፣ አርሰኒክ በብዛት የተገኘባቸው ሰዎች ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው ታየ። አርሰኒክ ከመሬት ወደ ጉድጓድ ውኃ የሚገባ መርዝ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ውኃውን ብታፈዪውም አይጠፋም። በዚያ አካባቢ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ የሚጠጣው ከግል ጉድጓድ ነው። በሊትር ከ10 ማይክሮግራም አይበልጥ የሚለው የፌዴራል ደንብ የግል ጉድጓድን አይነካም። ስለዚህ የሚመረምርልሽ የለም።

እዚህ ላይ ወረቀት አሳትሞ መሄድ ይቻል ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን የውኃ ማጣሪያ ይዘው ተመለሱ። ኢግል ቢውት ከተማ ያለው ሚዙሪ ብሬክስ የተባለው፣ ባለቤቶቹ ነባር አሜሪካውያን የሆኑ የምርምር ድርጅት ቤት ለቤት ሠራ። ከእነዚህ ማጣሪያዎች አንዱን አይቻለሁ። ወጥ ቤት ሲንኩ ሥር ይገጠማል። ከትልቁ ቧንቧ ጎን ለብቻው ትንሽ ቧንቧ ይወጣል። ዕቃ በትልቁ፤ ቡና፣ ሾርባ፣ የሕፃን ወተት በትንሹ። ማጣሪያው በየጊዜው ካልተቀየረ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ እየደወሉ ያስታውሱ ነበር። ሰዎቹ ሽንት ውስጥ ያለው አርሰኒክ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። አየሽ፣ ሰው በሩን የሚከፍተው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ከመጠይቅሽ በፊት ሰዎቹን አግኚ። ካይል ያለውን ኦግላላ ላኮታ ኮሌጅንና የጎሳውን ጤና ቢሮ አነጋግሪ። «ይህን ላጥና?» አትበዪ። «ልታውቁ የምትፈልጉት ምንድን ነው?» በዪ። ምናልባት ስኳር በሽታ ሰልችቷቸው ስለ ውኃ ወይም ስለ ወጣቶች ጤና ይነግሩሽ ይሆናል። ጥያቄሽን ለመለወጥ ዝግጁ ሁኚ። መረጃ የሚሰበስቡት የአካባቢው ልጆች ይሁኑ፤ በደንብ ይከፈላቸው። ፈረንጅ ባትሆኚም አንቺም ለእነሱ ከውጭ የመጣሽ ተመራማሪ ነሽ። እኛም ሐበሾች ነን፣ ሽማግሌ እናከብራለን ብለሽ አትመኪ። መከባበሩ በር ላይ ይጠቅምሻል፤ ፈቃድ ግን አይሆንም።

የመመረቂያ ጊዜሽ ዘንድሮ ከሆነ ግን አዲስ ጥናት አትክፈቺ። ቦርዱ የሚሰበሰበው በራሱ ጊዜ ነው። ሐዘን ካለ፣ ምርጫ ካለ ይራዘማል፤ መጎትጎት አያምርም። አድቫይዘርሽ ቀድሞ ፈቃድ ያገኘ ፕሮጀክት ላይ የሚሠራ ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠይቂ። በዚያ ሥር አንድ ትንሽ ክፍል ወስደሽ መሥራት ትችያለሽ። ለዚህም ቢሆን የቦርዱ ይሁንታ ያስፈልግሻል፤ ጉዳዩን የሚያቀርቡት ግን የሚያውቋቸው ሰዎች ይሆናሉ። ፕሮፖዛልሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ በተለይ የመረጃ አያያዙን ክፍል አይቼ አስተያየት እሰጥሻለሁ።