ክላክስን ከአደጋ አብልጣችሁ ለምትፈሩ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከሠልጣኞቼ አንዷ ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት ስንጓዝ፣ መሪውን በሁለት እጇ አጥብቃ እንደያዘች፣ "ጋሼ፣ እርስዎን ፍርሃቱ የለቀቀዎት መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ከፊታችን አንድ ሚኒባስ ፍሬቻ ሳያሳይ ተሳፋሪ ለማንሣት ቀጥ ስላለ "ፍሬን ያዢ" ከማለት በቀር ጊዜ አላገኘሁም። ጥያቄዋ ሳይመለስ የዕለቱ ትምህርት አለቀ። ማታ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። እኔም በእርሷ ዕድሜ ሳለሁ ይህንኑ ነገር አንድ ሰው ለመጠየቅ ስመኝ ኖሬ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ፤ ያ ሰው ዛሬ በሕይወት የሉም። ይህን የምጽፈው ለእርሷና እንደ እርሷ መንጃ ፈቃድ በእጃችሁ እያለ ቁልፉን ስታነሡ ልባችሁ ድው ድው ለሚል ሁሉ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ አሰብ በሚመላለስ ባለ ተሳቢ ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። የእኛ መኪና መሪው በቀኝ በኩል ነው። አገራችን ደግሞ በ1956 ዓ.ም. በግራ መንዳትን ትታ ወደ ቀኝ ተሻግራለች። ስለዚህ ከፊት የሚሄደውን ለመቅደም ሲፈለግ ከወዲያ የሚመጣውን ሹፌሩ አያይም፤ የሚያየው በግራ መስኮት በኩል የተቀመጠው ረዳት ነው። "አለ" ካልኩ ይጠበቃል፣ "ነጻ ነው" ካልኩ ይወጣል። ጢም ያላወጣ ልጅ አፍ ላይ የስንት ሰው ነፍስ ተንጠልጥሎ እንደነበር ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። አንዳንዱ ሹፌር ረዳቱን አያምንም፤ አንገቱን እያሰገገ ራሱ ለማየት ይታገላል። አንዳንዱ ደግሞ እየተሳደበ ያጣድፋል፤ የተጣደፈ ልጅም ስድቡን ፈርቶ "ነጻ ነው" ይላል። የእኔ ሹፌር ግን "ምን ትጠብቃለህ?" ብለውኝ አያውቁም። ዝም ካልኩ እርሳቸውም ዝም ብለው ከፊታችን ያለውን ይከተላሉ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ጣርማበር ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትሄዱ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ አለ። ከዋሻው እንደወጣችሁ መንገዱ ይወድቃል። በደብረ ሲና በኩል አድርጎ 1300 ሜትር አካባቢ ላይ እስካለችው ሸዋ ሮቢት ድረስ ኩርባ በኩርባ ነው፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ጉሙ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል።

ሹፌሬ ከዋሻው በፊት ሁልጊዜ ይቆማሉ። ሞተር አጥፍተው ይወርዱና ጎማዎቹን በመዶሻ እየመቱ ድምፃቸውን ያዳምጣሉ፣ የፍሬኑን ታምቡሮች (ከጎማው ጋር የሚዞሩትን ብረቶች) ግለው እንደሆነ በእጃቸው ጀርባ ይነካሉ፣ ተሳቢው የተያያዘበትን ብረት በባትሪ ብርሃን ያያሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የጣርማበር ብርድ ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን ከባቲ በታች፣ በዚያ በሚያቃጥለው ቁልቁለትም ያው ነው። ከዚያ ያማትቡና "የወጣህበት ማርሽ ነው የሚያወርድህ" ብለው በሁለተኛ ማርሽ ወደ ዋሻው ይገባሉ። በአጠገባችን የሚያልፉት ሹፌሮች በመስኮት ብቅ እያሉ "ፈሪ ለእናቱ!" ይሏቸዋል። መልስ ሰጥተው አያውቁም። እኔ ግን አንገቴን እደፋ ነበር።

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከሌላ መኪና ረዳት ጋር ሻይ ጠጣን። እኩያዬ ነው። የእርሱ ሹፌር ወጣት፣ በመስመሩ ሁሉ በፍጥነቱ ስሙ የሚነሣ ነበር። "የእናንተ ሽማግሌ ዛሬ ኮምቦልቻ ይገባሉ ወይስ መንገድ ላይ ያድራሉ?" ብሎ ሳቀ። የሻዩን ሂሳብም እርሱ ከፈለልኝ።

ዋሻውን አልፈን ሞተሩ እየጮኸ በዝግታ እየወረድን ነበር። ሹፌሬ ስፖኪዮውን አዩ። ወዲያው ደግመው አዩ። አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ኩርባውን እንደጨረስን፣ መንገዱ ትንሽ ሰፋ ባለበት ቦታ ከተራራው ሥር ተለጥፈው ቆሙ። ምን ሆኑ ብዬ አፌን ስከፍት የማያቋርጥ ክላክስ ሰማሁ፤ ያ መኪና ተሳቢውን እያወዛወዘ በግራዬ አለፈ። ከኋላው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ቀረ።

ሹፌሩ ሞርታ አድርጎ፣ ማለት ማርሹን አውጥቶ መኪናውን በክብደቱ ለቅቆ ነበር የመጣው። ያኔ ቁልቁለትን በሞርታ መውረድ የተለመደ ነው፤ የሚተርፈው ነዳጅ የሹፌሩ የኪስ ገንዘብ ይሆናል። ነገር ግን ጭነት ያለው ባለ ተሳቢ በሞርታ ሲለቀቅ ያን ሁሉ ክብደት የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ሸራው ከታምቡሩ ጋር ሲፋተግ ይግላል፣ ሲግል መያዝ ያቅተዋል፣ አልይዝ ሲል ሹፌሩ ደጋግሞ ይረግጣል፣ በተረገጠ ቁጥር ፍሬኑን የሚያሠራው ነፋስ ይጎድላል። በዚያን ሰዓት ወደ ማርሽ ልመለስ ቢል ፍጥነቱ ስላለፈ ማርሹ አይገባም።

ወረድ ብለን አገኘናቸው። ሹፌሩ ከገደሉ ይልቅ ተራራውን መርጦ መኪናውን ግድግዳው ላይ ጥሎታል፤ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ረዳቱ ግን ከመጋጨታቸው በፊት ዘሎ ነበር። ሹፌሬ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት፤ ከዚያ መንገዱን ለሚመጡት ለማስጠንቀቅ ድንጋይ መደርደር ጀመሩ፤ እኔንም "ድንጋይ አምጣ" እያሉ ሥራ አስያዙኝ። ካላዘዙኝ ቆሜ እቀር ነበር።

ሸዋ ሮቢት እስክንደርስ አልተናገሩም። ኮምቦልቻ ላይ ምግብ አዘዙልኝ፤ እርሳቸው አልቀመሱም። ልጠይቃቸው የፈለግሁት ያኔ ነው። መኪናው እንደሚመጣ በምን ዐወቁ? ያን ያህል ዓመት በዚያ መንገድ ተመላልሰው እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ለምንድን ነው? ፍርሃቱ ለቅቋቸው ያውቃል? በዚያ ዘመን ረዳት ዋና ሹፌርን "ይፈራሉ ወይ?" ብሎ አይጠይቅም። ኋላም መንዳት ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ በአሰብ በረሃ፣ ወደብ ላይ ተራ እስኪደርሰን ስንጠብቅ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ማቆም ብቻ አለማመዱኝ፤ ትንሽ መንቀሳቀስ፣ ድንጋዩ አጠገብ ቀጥ ማለት፣ እንደገና መንቀሳቀስ። ያን ሁሉ ቀን አብረን ስንውል ጥያቄው ከጉሮሮዬ አልወጣም። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ የመስመሩ ሰው ተበተነ። እኔ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ መመላለስ ጀመርኩ፤ እርሳቸው አገራቸው ገቡ። ዛሬ ነገ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ ስል ማረፋቸውን ሰማሁ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መልሳቸውን ስላልሰማሁ የራሴን እነግራችኋለሁ። እኔን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም። እርሳቸው ፍርሃታቸውን ሥራ አስይዘውት ነበር። ጎማውን የሚመታው፣ ታምቡሩን የሚነካው፣ ስፖኪዮውን ደጋግሞ የሚያየው እርሱ ነው። ከኋላ የሚመጣ ሰው ፍሬን ሊያጣ እንደሚችል የማያስብ ሹፌር መንገዱ የሚሰፋበትን ቦታ አስቀድሞ አይፈልግም።

የእናንተ ፍርሃት ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ይህን በድፍረት የምናገረው በየቀኑ ከጎናችሁ ስለምቀመጥ ነው። እናንተ የምትፈሩት ግጭቱን አይደለም፤ ከኋላ ያለው ሰው ክላክስ እንዳያደርግባችሁ፣ በመስኮት ወጥቶ እንዳይሰድባችሁ ነው። ዳገት ላይ ሞተር ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ የምታዩት የእጅ ፍሬኑን ሳይሆን ከኋላ የቆመውን ሰው ፊት ነው። አደባባይ ላይ ስትደርሱ ውስጥ እየዞረ ላለው ቅድሚያ መስጠት እንዳለባችሁ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ፤ ለፈተናው በቃላችሁ ይዛችሁታል። ከኋላ አንድ ታክሲ ሲጮህባችሁ ግን ያን ሁሉ ትረሱና ትገባላችሁ። ዜብራ ላይ ለእግረኛ ቆማችሁ ከኋላ ሲጮህባችሁ እግረኛዋ ገና መሐል መንገድ ሳለች ትንቀሳቀሳላችሁ። ክላክስ አይገጭም፤ የሚገጨው መኪና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ መሆኑን ደግሞ አትርሱ። ለሚጮህባችሁ ሰው ብላችሁ የምትወስኑት ውሳኔ ዋጋውን የምትከፍለው ያቺ ዘምቢል ይዛ የምትሻገር ሴት ናት።

ይህን ስል ደግሞ አደባባይ አፍ ላይ ግማሽ ገብታ የምትቆም ሠልጣኝ ሳገኝ "ግቢ! አሁን ግቢ!" ብዬ የምጮኸው እኔው ራሴ ነኝ። ከላይ ያልኩትን እያፈረስኩ እንደሆነ ይታወቀኛል። ነገር ግን ግማሽ ገብቶ መቆም ከመግባትም ከመጠበቅም የከፋ ነው፤ የሚዞረው ሰው ትገቢያለሽ ወይስ ትቆሚያለሽ የሚለውን መለየት ያቅተዋል። ክፍተቱ እስኪገኝ የፈለጋችሁትን ያህል ጠብቁ፤ ከተነሣችሁ በኋላ ግን ጨርሱት። በቀለበት መንገድ ላይም በሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት የግራውን መስመር ይዞ መሄድ ጥንቃቄ አይባልም።

ስለ ቀበቶና ስለ መጠጥ አልጽፍላችሁም፤ ያን ያልሰማ የለም። የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ወር ሳይሆን ፍርሃቱ ለቀቀኝ ያላችሁበት ቀን ነው። በፊት ግንባሩ ላብ በላብ ይሆን የነበረ ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ መንገድ ላይ አገኘዋለሁ፤ በአንድ እጁ ይነዳል፣ በሌላው ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጽፋል። የዛሬ ወጣቶችን በብዙ ነገር አደንቃችኋለሁ። እኛ የምናፍርበትን ጥያቄ በአደባባይ ትጠይቃላችሁ፣ ቀበቶ ስታስሩ ፈሪ እባላለሁ ብላችሁ አትሳቀቁም። ከስልኩ ግን መለየት አቅቷችኋል፤ በዚህ ጉዳይ ይቅርታ የለኝም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ታልፋላችሁ። መልእክቱን ለሁለት ሰከንድ ስታዩ ከሠላሳ ሜትር በላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ነዳችሁ ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዛችሁ በኋላ እስክትቆሙ የምትሄዱት ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በመግደል የትራፊክ አደጋ ቀዳሚው ነው። በሽታ አይደለም፣ ጦርነት አይደለም። እናንተን ነው።

መኪኖቻችሁም ድፍረት የሚሰጡ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩት በኤሌክትሪክ መኪና ነው። ማርሽ የለው፣ ጩኸት የለው፣ ገና ሲነኩት ይወረወራል። የእኛ ኤንትሬ ከመድረሱ በፊት መንደሩ ሁሉ ይሰማው ነበር፤ የእናንተን መኪና ግን ጀርባውን የሰጠ ሽማግሌ አይሰማውም። ስለዚህ ሰው በሚበዛበት ሰፈር እርሱ ያየኛል ብላችሁ አትቁጠሩ። በአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ የምትወጡ ደግሞ ጎማችሁን ሳታዩ አትውጡ። ከተማ ውስጥ ዓመት ያገለገለ አሮጌ ጎማ በ100 እና በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሙቀቱን አይችለውም፤ መንገዱ ለጥ ያለ መሆኑም አያድነውም።

ፈሪ ነኝ የምትሉ፣ እሑድ ማለዳ ውጡ፤ መንገዱ ጭር ሲል። በመጀመሪያ ማቆም ተለማመዱ፤ ቀጥ ማለት እንደምትችሉ እግራችሁ ሲያውቅ የልባችሁ ምት ይረጋጋል። ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን መነሣትን ሰው በሌለበት እስኪሰለቻችሁ ድረስ ደጋግሙት። መርካቶን ለመጨረሻ አቆዩት።

አንድ ነገር ለአባቶች፣ ለወንድሞችና ለባሎችም ልጨምር። ልጅቷ መሪ ስትይዝ ከጎኗ ተቀምጦ "ቀኝሽን! ግራሽን! ምን ሆነሻል?" እያለ የሚጮህ ሰው የፊቱን መንገድ ትታ የእርሱን ፊት እንድታይ ያደርጋታል። ጎበዝ ሠልጣኞች፣ ከእኔ ጋር በሰላም ሲነዱ የቆዩ፣ ቤተሰብ አጠገባቸው በተቀመጠ በሳምንቱ መኪና በቃኝ ያሉ አውቃለሁ። ከጎኗ የምትቀመጡ ከሆነ የማታየውን ብቻ ንገሯት፤ የቀረውን ዝም በሉ። ዝም ማለት ካልቻላችሁ ከኋላ ተቀመጡ። ልጄ፣ አንቺም ጩኸቱ ከቀጠለ ፍሬቻ አሳይተሽ ጥግ ያዢና "ጋሼ፣ እባክዎ እዚህ ይውረዱልኝ" በያቸው፤ ታክሲ ሞልቷል።