ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት እግሩ አልታዘዝ ላለው ወንድምሽ

እህቴ፣ የጻፍሽው ይህ ነው፦ የ24 ዓመት ወንድምሽ ጥሩ ራት በልቶ ይተኛል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ሲነቃ እግሩንም ክንዱንም ማንሳት ያቅተዋል። ሰፈር ክሊኒክ ግሉኮስ ተሰቅሎለት ባሰበት፤ ሆስፒታል ሲደርስ ፖታሲየሙ (ጡንቻና ልብ የሚሠሩበት የደም ማዕድን) በጣም ወርዶ 2.1 ተገኘ፤ በማግስቱ ተነሥቶ ሄደ። አሁን ሦስተኛ ጊዜው ነው፣ ሙዝ ብቻ ይበቃዋል ወይ ብለሻል።

አይበቃውም። አንድ መካከለኛ ሙዝ 10 ሚሊኢኩቫለንት (የፖታሲየም መለኪያ ነው) ገደማ ፖታሲየም ቢኖረውም 25 ግራም ያህል ስኳርና ስታርች አብሮ ይዞ ይገባል። ጣጣው እዚያ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሕመም (ሐኪሞች ሃይፖካሌሚክ ፔሪዮዲክ ፓራሊሲስ ይሉታል፤ በዘር ወይም አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ይመጣል) ፖታሲየሙ ከሰውነት አልጠፋም፤ ከደም ወጥቶ ጡንቻ ውስጥ ገብቷል። በሩን የሚከፍትለት ኢንሱሊን ነው፣ ኢንሱሊንን ደግሞ ስኳር ይጠራዋል። ግሉኮስ ሲሰቀልለት የባሰበትም ለዚህ ነው። እባካችሁ፣ «ደከመው፣ ግሉኮስ ይሰቀልለት» ሲባል አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፖታሲየሙ ሳይታይ አይሆንም» ይበል።

በተቅማጥ፣ በትውከት ወይም ሽንት በሚያበዛ መድኃኒት የሚወርድ ፖታሲየም ግን በእርግጥ ከሰውነት ወጥቶ የሄደ ነው፤ መተካት አለበት። የወንድምሽ ዓይነቱ ተመልሶ ከጡንቻ ይወጣል። ስለዚህ በችኮላ ብዙ ከተሰጠው፣ የተሰጠውና የተመለሰው ተደምሮ ደሙ ውስጥ ከልክ ያልፋል፤ ያኔ አደጋው ልብ ላይ ነው።

ሲነሳበት የምታደርጉትን ልንገርሽ። መዛል ገና ሲጀምረው በቀስታ ይንቀሳቀስ፣ አንዳንዴ ያን ጊዜ ይከሽፋል። የታዘዘለት የፖታሲየም ክሎራይድ ሽሮፕ ወይም ዱቄት ካለ ስኳር በሌለው አንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ቀስ እያለ ይጠጣ። በዘር ለሚመጣው ዓይነት ሐኪሞች የሚጀምሩት በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊኢኩቫለንት ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ30 እስከ 60 መሆኑ ነው። ካልተሻለው በየ30 ደቂቃው በኪሎ 0.3 ይጨመራል፣ ጠቅላላው በ24 ሰዓት ከ200 ሚሊኢኩቫለንት አያልፍም። ከታይሮይድ ለሚመጣው መጠኑ በጣም ያንሳል፣ በቀን ከ90 በታች። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ይህን ቁጥር ጨርሶ አይጠቀምበት። ለወንድምሽ የሚሆነው መጠን በሐኪም እጅ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቤት ይቀመጥ። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው 600 ሚሊግራም እንክብል 8 ሚሊኢኩቫለንት ነው፤ ግን ቀስ ብሎ የሚሟሟ ስለሆነ ለድንገተኛው አይደርስም፣ ተሰባብሮም አይዋጥ።

መዋጥ ካቃተው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ልቡ ከዘለለ ወይም አንገቱን ማቅናት ከተሳነው ቤት አትቆዩ። ሆስፒታል በደም ሥር ሲሰጠው በግሉኮስ ተበርዞ እንዳይሆን ጠይቂ፤ ካለ ማኒቶል የሚባለው ፈሳሽ ይመረጣል። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ሚሊኢኩቫለንት ገደማ ነው፣ ልቡም በማሽን እየታየ። የፖታሲየም አምፑል ሳይበረዝ በመርፌ በቀጥታ ከተገፋ ልብ ያቆማል።

ምርመራው የሚረዳው በሕመሙ ሰዓት ከተወሰደ ነው። ማግስቱን ደሙ ደህና ስለሚሆን ስንቱ ወጣት «ጭንቀት ነው» ተብሎ ተመልሷል፣ ያሳዝናል። ደሙ ፖታሲየም ከመውሰዱ በፊት ይቀዳ። ሲቀዳም እጁን እየጨበጠ እንዲፈታ አይታዘዝ፤ ጡንቻው ፖታሲየም ስለሚለቅ ውጤቱ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ)፣ ማግኒዚየም፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ ባይካርቦኔት (የደም አሲድ ሚዛን)፣ የሽንት ፖታሲየም ይታይለት። ሽንቱ ውስጥ ፖታሲየም ከበዛ ነገሩ የኩላሊት ወይም ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ ሊሆን ስለሚችል መንገዱ ይለያል።

ከሁሉ በፊት ግን የታይሮይድ ምርመራ፣ ቲኤስኤችና ቲ4 የሚባሉት የደም ምርመራዎች። የዘር ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዓመት በፊት ይጀምራል፣ ከአባት ወይም ከእናትም ይወረሳል። ወንድምሽ በ24 ዓመቱ ጀምሮት ቤተሰባችሁ ውስጥ ሌላ እንዲህ የሆነ ከሌለ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ታይሮይድን ነው፤ አንገቱ ላይ እንቅርት ባይታይም፣ ባይከሳም፣ እጁ ባይንቀጠቀጥም። ታይሮይዱ ከሆነ እስኪስተካከል ፕሮፕራኖሎል ይሰጠዋል፣ ሲስተካከል ሕመሙ ይቀራል። የዘሩ ከሆነ አሴታዞላማይድ፣ ብዙ ጊዜ 250 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ይታዘዛል፤ የኩላሊት ጠጠር ስለሚያመጣ ውኃ ይጠጣበት። አንዳንዱን ሰው ደግሞ ያባብስበታል፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሲነሳበት ቀኑን እየጻፋችሁ ተከታተሉት።

ምግቡን በተመለከተ እንጀራ አትከልክሉት። ማታ ግማሽ እንጀራ፣ ወጡ በዛ ያለ፣ ለስላሳና ቢራ የሌለበት፣ ጨው የቀነሰ፣ በልቶም ወዲያው የማይተኛ ይሁን። ለኛ ሰው አደገኛው ሌሊት ፋሲካ ነው። ስቅለት ቀን መቶ ጊዜ ሰግዶ፣ ቅዳሜ ሌሊቱን ቆሞ አድሮ፣ ከ55 ቀን ጾም በኋላ በባዶ ሆድ ዶሮ ወጥ በእንጀራ፣ ድፎ ዳቦ፣ ጠላ፣ ከዚያ እንቅልፍ፤ ቀስቃሾቹ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይገናኛሉ። የረመዳን አፍጥርም በቴምር፣ በጭማቂና በሳምቡሳ ተጀምሮ በእንቅልፍ ካለቀ ያው ነው። ጥቂት ይቅመስ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ጥቂት ይድገም። ኳስ ከተጫወተ ድንገት አይቀመጥ፣ 15 ደቂቃ ይራመድ። ብርድም ስለሚቀሰቅስ ጠበል የሚሄድ ከሆነ ተነሥቶበት ሳለ በቀዝቃዛ ውኃ አይጠመቅ፤ ተሽሎት ይሂድ፣ ወጥቶም ቶሎ ይሙቅ።

ለአስም ሳልቡታሞል ወይም ስቴሮይድ ሲታዘዝለት ሕመሙን ይናገር። ለቀዶ ሕክምና ከተኛም ሰመመን ሰጪው አስቀድሞ ይወቅ፦ ሳክሲኒልኮሊን (ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት) አይሰጠው፣ ግሉኮስ ተሰቅሎለት አይቆይ፣ ሰውነቱ አይቀዝቅዝ፣ ከነቃ በኋላም ፖታሲየሙ በየጥቂት ሰዓቱ ይለካ።