«ለእግዚአብሔር ስጡት» ብዬ የጻፍኩ ጊዜ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ መንገድ ላይ ያዘችኝ። ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሥራ የለም። «ጋሼ፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ እያልኩ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ካለኝ፣ አልሰጠሁም ማለት ነው?» አለችኝ። የሆነ ነገር ብዬ ሸኘኋት። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያለኝ እኔን ነው።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ የበጀት መዝጊያ ላይ ነበርኩ። ሒሳብ የሠራ ሰው ሰኔ 30 ምን እንደሆነ ያውቃል። ደረሰኝ በካርቶን ተቆልሎ እናመሻለን፤ ሚስት ታኮርፋለች።

በዚያው ሳምንት ከብቸና በመጣ ሰው እጅ የእህቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። አባታችን የግራ እግሩ አውራ ጣት ላይ ትንሽ ቁስል ወጥቶበታል። ወር ሆነው፤ አልደርቅ ብሏል። ጸበል ወስደውታል። የጸበሉ ቄስ ራሳቸው፣ «ጸበሉንም ተጠመቅ፣ ሐኪምም ዘንድ ሂድ፤ ሲራክ ሐኪምን አክብር ይላል» ብለውታል። «መጥተህ ውሰደው» ትላለች እህቴ።

ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ? «ሰኔን ልዝጋና እመጣለሁ። እስከዚያ ለእግዚአብሔር ስጡት፤ እሱ ያውቃል።» 50 ብር አብሬ ላክሁ። ቄሱ ሐኪም ቤት ይላሉ፤ ተማርኩ ባዩ ጸሎት እላለሁ።

ሰኔ አለቀ። ሐምሌን የኦዲት ጥያቄ በላው። ነሐሴን ዝናብ ነው አልኩ። ለካ ስኳር ነበር። ቁስሉ ሽቅብ ወጣ። በመጨረሻ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ አደረሰው፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። «እንዳይደነግጥ» ተብሎ ለእኔ አልተነገረኝም።

የዛሬ ልጆች «ሁሉን ለእሱ ትቻለሁ» ብለው ፎቶ ሥር ይጽፉና ሲቪያቸውን ሳያስገቡ ይውላሉ። ተዉት፣ ይሄ እንኳ ከእኔ አፍ አያምርም።

ለእንቁጣጣሽ አገሬ ገባሁ። ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዝቼለት ነበር፤ 41 ቁጥር። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጧል፤ ጋቢው እግሩን ሸፍኖታል። ካርቶኑን ከፍቶ ቆዳውን አሸተተ። ከዚያ ጋቢውን ገለጠ።

መሬት ላይ ተደፋሁ። እሱ የግራውን ጫማ አንሥቶ እያገላበጠ ቆየና፣ «ያ ወታደር ጎረቤታችን ቀኝ እግሩ አይደል የሌለው? ቁጥሩም ይሆነዋል። ተመስገን፣ አልባከነም» አለ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሰው «ተመስገን» ሲል ጨጓራዬን ይልጠው ነበር። ግን ያን ሌሊት አባቴን ሰምቼዋለሁ። ያቃስታል። «አንተ ታውቃለህ» ይላል። ደግሞ ያቃስታል። እስኪነጋ።

እና ልጄ፣ ጌታም ጌቴሴማኒ ላይ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ እየደገመ ነው የጸለየው፤ ላቡ እንደ ደም እየወረደ። «እንደ ፈቃድህ» ያለው በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ነው። ስለተጨነቅሽ አላመንሽም የሚልሽ ካለ አትስሚው። እኔን የሚያስፈራኝ የእኔ ዓይነቱ ሰላም ነው። ያቺን ደብዳቤ በጻፍኩባት ማታ ድብን ብዬ ተኝቻለሁ። ደግሞ ሁሉን በእጄ ልያዝ አትበይ፤ እሱንም ሞክሬዋለሁ፣ በሌላ ጊዜ አወራሻለሁ።

በዚያው የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ እሑድ አባቴን በበቅሎ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩት። ወታደሩ ቀድሞ ደርሶ ዛፉ ሥር ተቀምጧል። ጎኑ አስቀመጥኩት። ሁለቱም ጫማቸውን አወለቁና አጠገብ ላጠገብ አኖሩት፤ ቀኝና ግራ። ከሩቅ ሲታይ የአንድ ሰው ጫማ ይመስል ነበር።